ፍሊክ ምን ነካት?

ኔቪል ስትሮን ሰኞ ጠዋት ውሻውን ወደ ግራ ላካት፤ እሷ ወደ ቀኝ ሄደች።

መጀመሪያ ነፋሱ ነው ብሎ አለፈው። በዓለም ደቡባዊ ጫፍ ባለው በዚያ አገር በየካቲት፣ በጋው ሊያልቅ ሲል፣ ከዳገቱ አናት የሚወርደው ደረቅ ነፋስ ድምፅ ይሰርቃል። ባለ አራት ጎማ ሞተሩን አጠፋና እንደገና አፏጨ። ፍሊክ ቆመች። አንድ የፊት እግሯን አንጠልጥላ፣ አንገቷን አዙራ አየችው። ስድስት ዓመት አብረው ሲሠሩ እንዲህ ዞር ብላ አይታው አታውቅም፤ ሥራ ላይ ያለች የበግ ውሻ ዓይኗን ከበግ አትነቅልም። ሦስተኛ ሲያፏጭ ጭራሽ በሆዷ ለጥ ብላ ተኛች። በጎቹም የሚያዛቸው እንደሌለ ሲገባቸው የተከፈተውን በር ትተው ቁልቁል ወደ ወንዙ ተንደረደሩ።

«አንቺ ውሻ!» ብሎ ጮኸ። «ግራ! ግራ አልኩሽ እኮ!»

ፍሊክ ቃል አታውቅም፤ የምታውቀው ፉጨት ነው። ጩኸቱ ቁጣ መሆኑ ግን ገብቷት ጆሮዋን አጣጥፋ፣ እየተሳበች መጥታ ከሞተሩ ጎማ አጠገብ ተኛች። ኔቪል ከላይ ሆኖ አያት። ግራ ስትባል ቀኝ፣ ቀኝ ስትባል መሬት። ግራ የገባውስ እሱ ነው።

ኔቪል ስልሳ ስምንት ዓመቱ ነው። ከአባቱ በወረሰው ዳገት ላይ ሺህ ያህል በግ ያረባል። ሠራተኛ የለውም፤ ያለችው ፍሊክ ናት፤ ጥቁርና ነጭ፣ ቀጭን፣ አንዱ ጆሮዋ የቆመ፣ ሌላው የተጋደመ። ከሁለት ሳምንት በፊት ኢንቨርካርጊል ወደሚባለው ትልቅ ከተማ ወርዶ፣ ለዓመታት ሲያሠቃዩት የኖሩትን ጥርሶች አንድ ሳያስቀር አስነቅሎ፣ በምትካቸው ሰው ሠራሽ ጥርስ አስገጥሞ፣ ዐሥር ቀን ልጁ ካትሪና ቤት ከርሞ መመለሱ ነበር። ድዱ ገና ያመዋል። ሾርባ ሰልችቶታል። አርብ ደግሞ ለሽያጭ በግ የሚወስደው የጭነት መኪና ይመጣል፤ እስከዚያ አራት መቶ ግልገል ከዳገቱ ወርዶ በረት ገብቶ መጠበቅ አለበት። ከዚያ ዳገት ያለ ውሻ በግ ማውረድ በወንፊት ውኃ እንደመቅዳት ነው።

ቤት ሲደርስ ሚስቱ ሜርል ልብስ ታሰጣለች።

«ውሻዋን ምን አበላሻት?» አላት፣ ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ።

«የምትበላውን ነዋ። ምነው፣ አመማት?»

«አታዳምጠኝም። እያየችኝ ትተኛለች።»

«እንግዲህ ዐሥር ቀን ትተሃት ሄደህ! እኔም ብሆን አላዳምጥህም።»

«አንቺማ መቼ አዳምጠሽኝ ታውቂያለሽ?»

«በደንብ ነው የማዳምጥህ» አለች ሜርል፣ የልብስ መቆንጠጫ በጥርሷ እንደያዘች፤ እሱ ግን ወደ ውሻዋ ቤት ሄዶ ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት በሽቦው አጥር በኩል ጎረቤቱን ጎርደንን አገኘው። ጎርደን አምስት ውሻ አለው፤ አምስቱም ሲጮኹ የሚውሉ፣ እሱም ከነሱ በላይ የሚጮህ ወፍራም ሰው ነው። ነገሩን ሳይጨርስለት፣

«ኮሶ ነው!» አለ።

«መድኃኒቱን በየወሩ እሰጣታለሁ።»

«ምን ሥጋ ነው የምታበላት?»

«የበግ። ከፍሪዘር።»

«ኮሶው እንዲሞት ስንት ቀን የቀዘቀዘ?»

«ዐሥር ቀን ያለፈው። አንተ ሰውዬ፣ እኔ ትናንት ነው እንዴ በግ ማርባት የጀመርኩት?»

«ልንገርህ አይደል፤ ኮሶ ያለበት ውሻ ልቡ ያለው ሆዱ ውስጥ ነው። ደግመህ ስጣት። ደግሞ ምነው 'ስ' ባልክ ቁጥር ትረጨኛለህ?»

«ጥርሴ ነው።»

«አምሮብሃል እኮ። ሠላሳ ዓመት ቀንሶልሃል፤ ብቻ አትናገር።» ጎርደን ሳቀ፤ አምስቱ ውሾችም አብረውት ጮኹ።

ኔቪል ለነገሩ አላመነበትም፤ ግን ምን ይታወቃል? ክኒኑን በቺዝ ጠቅልሎ ሰጣት። ከዚያ ለአጥር የሚሆን ሚስማር ሊገዛ ከተማ ወረደ። የእርሻ ዕቃ መደብሩ ውስጥ ኢስላ የምትባለው ሻጭ፣ ፒክአፑ ኋላ የተቀመጠችውን ፍሊክን በመስኮት አይታ ደረቷን ያዘች።

«ውይ ኔቪል፣ ምን ሆና ነው እንዲህ አጥንቷ የወጣው?»

«ሁልጊዜም እንደዚህ ናት። የሥራ ውሻ ናት።»

«ለዚህ እኮ ነው! ቀኑን ሙሉ የሚሮጥ ውሻ ስብ ይፈልጋል። ሲርባት ጭንቅላቷ አይሠራማ! አንተስ ሲርብህ ትሰማለህ? ያንን ቀዩን የውሻ ምግብ ከረጢት ውሰድ። ላዩ ላይ የዓሣ ዘይት ጠብ አድርግበት።»

ከረጢቱን ተሸክሞ ሲወጣ በሩ ላይ ከሙሬይ ጋር ተገጣጠመ። ሙሬይ ሰማንያ ዓመት ሊሞላው ነው፤ በጎልማሳነቱ በውሻ ውድድር ያላሸነፈበት አውራጃ አልነበረም። አሁንም ስለ ውሻ ሲናገር ሰው ዝም ይላል። ከረጢቱን በከዘራው ነካ ነካ አደረገው።

«ይኼ ለምንድን ነው?»

ኔቪል ነገረው።

«የጠገበ ውሻ አይሠራም» አለ ሙሬይ። «ማታ አንዴ፣ ከሥራ በኋላ። ጠዋት አብልተህ ካስሮጥካት ሆዷ ተነፍቶ ይጠመዘዝና እጅህ ላይ ትሞትብሃለች፤ እኔ እንዲህ ሁለት ቀብሬአለሁ። ስብ አላነሳትም። ጆሮዋ ነው የሄደው።»

«ጆሮዋ?»

«ደንቁራለች። የትኛው ነው የማይሰማው፣ የቆመው ወይስ የተጋደመው?»

«ኧረ እኔንጃ!»

«ለውድድር ነው እንዴ የምትፈልጋት? አይደለም። እንግዲያው አንድ ጆሮ ይበቃል፤ በሚሰማው በኩል ቁም» ብሎት ሙሬይ ገባ።

ኔቪል ወደ ቤቱ ሲነዳ በመስታወቱ የፍሊክን ጆሮዎች እያየ መንገድ ሊስት ነበር። ከሰዓት በኋላ ከቀዩ ከረጢት አንድ ሳህን ሞልቶ ሰጣት፤ ዘይቱንም ጨመረበት። አድርጎት ሲያበቃ ደግሞ ሙሬይ ማታ ያለው ትዝ አለው። ማታም እንደገና ሰጣት፤ የቀኑ የኢስላ፣ የማታው የሙሬይ እንዲሆን። ፍሊክ ሁለቱንም ላሰችው። እንዲህ ያለ ቀን አይታ አታውቅም።

እራት ላይ ካትሪና ደወለች። የጥርሱን ልትጠይቅ ነበር፤ የሰማችው ግን የውሻውን ነው።

«አባዬ፣ አኩርፋብህ እኮ ነው!»

«ውሻ ያኮርፋል?»

«ታዲያስ! ድንገት ጠፋህባት፤ ተመልሰህ ስትመጣ ደግሞ ትጮህባታለህ። እንደተጣለች ነው የቆጠረችው። ዛሬ ቤት አስገባት። ሶፋው ላይ አጠገብህ አስቀምጣት። አጫውታት።»

«ምን ብዬ?»

«የፈለግከውን። ድምፅህን ትስማ።»

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። ኔቪል የሥራ ውሻ ደጅ ነው የሚያድረው ሲል የኖረ ሰው ነው፤ አባቱም፣ የአባቱም አባት እንደዚያው። ያን ምሽት ግን ፍሊክን ጠራት። በረንዳው ድረስ መጣችና ደፉ ላይ ቆመች። ከዚያ አልፋ አታውቅም። ምንጣፉን አሸተተች፤ አየችው፤ ምንጣፉን አሸተተች። በመጨረሻ ተሸክሟት ሶፋው ላይ አስቀመጣት። እንደ ለቅሶ ቤት እንግዳ አራት እግሯን ሰብስባ፣ ግድግዳ ግድግዳውን እያየች ተቀመጠች።

«እህ» አላት ኔቪል። «እንግዲህ… ዝናቡ ዘንድሮ ዘገየ።»

ሜርል ከመነጽሯ በላይ አይታቸው ሹራቧን መሥራት ቀጠለች።

ዘይቱ ይሁን ቀዩ ከረጢት፣ ክኒኑ ይሁን ቺዙ፣ ወይ ሁሉም ተባብረው፣ የፍሊክን ሆድ ሌሊት ምን እንዳበላሸው አይታወቅም። ረቡዕ ጠዋት ሜርል ሳሎን ስትገባ የጮኸችው ጩኸት ጎርደን ቤት ድረስ ተሰማ። ምንጣፉ እናቷ የሰጠቻት ምንጣፍ ነበር። ፍሊክ ጥግ ላይ ግድግዳውን ፊት ለፊት አድርጋ ቆማለች፤ የሚገባበት ቀዳዳ እንደጠፋው ሰው።

«ውሻዋንም ተሸከምና ምንጣፉንም ተሸከም» አለች ሜርል። «እሷን ሐኪም ቤት፣ እሱን ደጅ።»

የእንስሳት ሐኪሟ ማራማ ትባላለች። ወጣት ናት፤ ወደዚያ አገር ከመጣች ሁለት ዓመት አልሞላትም። ፍሊክን ጠረጴዛ ላይ አውጥታ ድዷን ጫን አድርጋ አየች፤ ጆሮዎቿን በመብራት መረመረች፤ የሣር ፍሬ ተሰክቶ እንደሆነ ብላ ጣቶቿን አንድ በአንድ ፈለቀቀች። ከዚያ ሳይታሰብ የብረት ሳህን ከኋላዋ ወለሉ ላይ ጣለች። ፍሊክ ዘላ ኔቪል ክንድ ላይ ወጣች።

«ትሰማለች» አለች ማራማ። «ሁለቱም ጆሮዋ ደህና ነው። ልቧም ደህና ነው። እስቲ ከሰኞ ወዲህ ያደረጉላትን ሁሉ ይንገሩኝ።»

ኔቪል ነገራት። መጀመሪያ ትጽፍ ነበር፤ ዘይቱ ጋ ሲደርስ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ይኼ ሁሉ በሁለት ቀን?»

«ሁሉም ውሻ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው።»

«ናቸው። የነገሩዎትም አብዛኛው ትክክል ነው። ግን ሁሉን ባንድ ጊዜ ሲያደርጉት የትኛው እንዳሻላት፣ የትኛው እንዳመማት በምን ይለያል? ምግብ ሲለውጡ ከነባሩ ጋር እያደባለቁ ነው፤ ሳምንት ይፈጃል። ዛሬ ማታ ትንሽ ሩዝ በዶሮ፣ ውኃ እንደልብ፣ ሌላ ምንም። ደግሞ ይምጡ፣ እጅዎን እዚህ ያድርጉ። የጎድን አጥንቷን ሳይጫኑ ቆጠሩት? እንግዲያው ክብደቷ ልክ ነው። ቀጭን ናት ያለዎት ሰው የቤት ውሻ ለምዶ ነው።»

«ታዲያ ምን ሆና ነው የማትታዘዘኝ?»

ማራማ በሩን ከፈተች። «እንዴት ነው የሚያዟት? እስቲ ግቢው ውስጥ ያሳዩኝ።»

ወጡ። ኔቪል ምላሱን አጥፎ፣ ከንፈሩን ወደ ውስጥ ሰብስቦ የግራውን ፉጨት ነፋ። ፍስስ የሚል ነገር ወጣ፤ መጨረሻው ላይ ብቻ ትንሽ ቀጭን ድምፅ ነበረው። ፍሊክ አንገቷን ዘንበል አደረገች። ወደ ማራማ አየች። ተኛች።

«ሁልጊዜ እንደዚህ ነው የሚያፏጩት?»

«ሃምሳ ዓመት ሙሉ!»

«ከጥርሱ በፊትም?»

ኔቪል ፊቱ ቀላ። «እኔ ያመጣሁት ውሻዬን ነው፤ ጥርሴን አይደለም» አለ፤ ፍሊክንም ፒክአፑ ላይ ጭኖ ሄደ። መንገዱን ሁሉ የወጣቷ ጥያቄ ግን እንደ ዝንብ ፊቱ ላይ ይዞራል። ሲያባርረው ይመለሳል።

ቤት እንደደረሰ በጎች ከሚሸለቱበት ቤት ኋላ ሄደ፤ ሰው በማያየው በኩል። አፏጨ። ፍስስ። አሁን ሲያዳምጠው በእርግጥም የውኃ ቧንቧ ይመስላል። ጥርሱን አወለቀና ሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ከተተው። ያለ ጥርስ ሲሞክር ደግሞ ነፋስና ምራቅ ብቻ ወጣ። መልሶ አደረገው። ፍስስ። አወለቀው። ምንም።

ያኔ ነው ልቡ የወደቀው። ጥርሱን አድርጎም አውልቆም አለመሆኑ አይደለም ያስደነገጠው። የድሮው ፉጨት እንዴት እንደነበር ሊያስታውሰው ሲሞክር አጣው። የግራው ወደ ላይ ነበር የሚወጣው ወይስ ወደ ታች የሚወርደው? ከአፉ ሲወጣ የኖረ ነገር ነው፤ ሰምቶት ግን አያውቅም። ሰው የገዛ አረማመዱን አያይም። አንዴ ወደ ላይ ሞከረ፤ አንዴ ወደ ታች። የቀኙ ይሆን የግራው? ታዲያ ሰኞ ጠዋት እሷ ትሆን ልክ የነበረችው? ይህን ሲያስብ ግድግዳው ሥር የተጋደመ እንጨት ላይ ተቀመጠ።

ሜርል የዶሮ መኖ በባልዲ ይዛ በማዕዘኑ ብቅ አለች።

«ጥርስህ ኪስህ ውስጥ ምን ይሠራል?»

«ጠፋብኝ።»

«ኧረ ኪስህ ውስጥ ነው።»

«ፉጨቱ! ፉጨቱ ነው የጠፋብኝ። የግራው እንዴት እንደነበር አላውቅም።» ያለ ጥርስ ሲናገር ድምፁ የሕፃን ይመስል ነበር። ሜርል ልትስቅ ብላ ፊቱን አይታ ተወችው።

«የግራው ወደ ላይ ወጥቶ መጨረሻው ላይ ይሰበራል» አለች። «የቀኙ ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም ነው።»

«አይደለም።»

«ነው እንጂ።»

«አንቺ በምን አውቀሽ?»

ሜርል ባልዲውን አስቀመጠች። አፏን በእጇ ጀርባ ጠረገችና ሁለት ጣቶቿን ከምላሷ በታች አስገብታ አፏጨች።

ድምፁ ግድግዳውን መትቶ ተመለሰ። ፒክአፑ ሥር ተኝታ የነበረችው ፍሊክ ከወንጭፍ እንደወጣ ድንጋይ ተፈተለከች። ወደ ግራ፣ ሰፊ ክብ አድርጋ፣ ሆዷን ለመሬት ዝቅ አድርጋ ዞረችና የሜርልን ዐሥራ አንድ ዶሮዎች ሰብስባ አጥሩ ጥግ ላይ አቆመቻቸው። ዓይኗ ከዶሮዎቹ አልተነቀለም። ከሰኞ ወዲህ ምን ማድረግ እንዳለባት ስታውቅ የመጀመሪያዋ ነበር።

ኔቪል ከእንጨቱ ተነሣ። ውሻዋን አየ፤ ሚስቱን አየ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ምኑ?»

«የምታፏጪው!»

«ከልጅነቴ። ወንድሞቼ ሲያፏጩ አይቼ። አባቴ ሴት ልጅ አታፏጭም ብሎ በጥፊ አለኝ፤ ተውኩት። ማለት… ሰው ፊት ተውኩት።»

«የእኔንስ?»

«አርባ አንድ ዓመት ነው እኮ የሰማሁህ ኔቭ። ሳህን ሳጥብ በመስኮት ይገባል። አንዳንዴ አንተ ስትሄድ ለሳህኑ አፏጭለት ነበር።» ጣቶቿን በሽርጧ ጠረገች። «ዶሮዎቼን ልቀቂያቸው በላት። ወይ እኔ ልበላት።»

ኔቪል ደስ ይበለው ወይስ ይከፋው አላወቀም። ውሻዋ ደህና ናት፤ ደስ ይላል። የጠፋው ፉጨት ተገኘ፤ ደስ ይላል። ግን ከሰው አፍ ነው የተገኘው። የራሱን ሸሚዝ ሌላ ሰው ለብሶት ሲያይ፣ ያውም ከእሱ ይልቅ አምሮበት ሲያይ፣ ምን ይባላል? ጥርሱን አደረገ። ያም አልረዳውም።

ሐሙስ ጠዋት ሁለቱም ዳገቱ ሥር ቆሙ። ሜርል የጎማ ቦቷን አድርጋ፣ የኔቪልን ካፖርት ደርባለች። ግልገሎቹ ከላይ በየጉብታው ተበትነው ይግጣሉ። ነገሩ ቀላል መስሏቸው ነበር፤ እሱ ይናገራል፣ እሷ ታፏጫለች። ሜርል ውሻዋን ላከቻት፤ ፍሊክ ዳገቱን ወጥታ ከበጎቹ በላይ ሆነች።

«አሁን ግራ» አለ ኔቪል።

ሜርል አፏጨች። ፍሊክ ሄደች።

«አይ! ግራ!»

«ግራ ነው እኮ ያልኩት!»

«ወዲህ ዞራለች፤ የእሷ ግራ የእኛ ቀኝ ነው!»

«አንተ የማን ግራ ነው የምትናገረው?»

«የእሷን! እንዴ፣ የኛን! ቆይ…» ኔቪል ሁለት እጁን ዘርግቶ በአንዱ ጠቆመ፤ ከዚያ በሌላው። ሃምሳ ዓመት ሳያስብ ያደረገው ነገር አሁን በቃል ሲጠየቅ እጁ ላይ ተንኮታኮተ። «ቀኝ በያት! አይደለም፣ አስቁሚያት!»

ሜርል ሁለቱንም አፏጨች። ፍሊክ ሮጠች፣ ቆመች፣ ተቀመጠች፣ ከዳገቱ ላይ ሆና ሁለቱን ተራ በተራ አየች። በዚህ መሀል መንጋው ለሁለት ተከፈለ፤ ሠላሳ የሚሆኑ ግልገሎች በላላው ሽቦ ሥር ሾልከው ጎርደን መስክ ገቡ።

«ይኸው!» አለ ኔቪል። «ይኸው፣ ሄዱ!»

«እኔ ነኝ የሰደድኳቸው?»

«ታዲያ እኔ ነኝ ያፏጨሁት?»

«አታፏጭማ! ብታፏጭ እኔ እዚህ ምን አቆመኝ?»

ነፋሱ ካፖርቷን ያራግበዋል። ኔቪል ድዱን አመመው፤ ጥርሱን ነክሶ ነበር። ዳገቱን አየና ኮፍያውን አውልቆ ራሱን አከከ።

«ሜርል።»

«ምን?»

«በጎቹ ወዴት እንዲሄዱ ነው የምትፈልጊው?»

«ወደ በሩ ነዋ።»

«እንግዲያው ወደ በሩ አምጫቸው። እኔ አልናገርም።»

ሜርል ቀና ብላ አየችው፤ የሚቀልድ መስሏት ነበር። ከዚያ ወደ ዳገቱ ዞራ ጣቶቿን አስገባች። መጀመሪያ ሳተች፤ ፍሊክ በጣም ርቃ ሄደች። ኔቪል አፉን ሊከፍት ብሎ በእጁ ያዘው። ሜርል አስቆመቻት፤ ጠበቀች፤ እንደገና። ቀስ እያለ ነገሩ መልክ ያዘ። መንጋው ተሰበሰበ፤ እንደ ወተት እየፈሰሰ ቁልቁል መጣ። አንድ ቦታ ላይ እሱ ቢሆን ኖሮ ቀኝ የሚልበት ነበር፤ እሷ ግራ አለች፤ በጎቹም በደህና አለፉ። ኔቪል ይህን ሲያይ ቆሞ ቀረ። ስህተት ነው? ግን መጡ። ታዲያ ሃምሳ ዓመት ቀኝ ሲል የኖረው ለምን ነበር?

ከሰዓት በኋላ ጎርደን የሸሹትን ግልገሎች በአምስቱ ውሾቹ እየነዳ መለሰ።

«ሰማሁህ!» አለ ገና ከሩቅ። «ፉጨትህ ተመለሰልህ አይደል? እንዲያውም ከድሮው ጠርቷል!»

ሜርል በረቱ በር ላይ ነበረች። ሰንሰለቱን እያሰረች ባሏን አየችው። ኔቪል አዎ ማለት ይችል ነበር። ቃሉ ምላሱ ጫፍ ደርሶ ነበር፤ ማን ያውቅበታል?

«እኔ አይደለሁም» አለ። «ሜርል ናት።»

ጎርደን ሆዱን ይዞ ሳቀ። «አዬ አንተ! ጥርሱ ደግሞ ቀልድም አስተማረህ!» ብሎ ትከሻውን መትቶት ሄደ። እስከ ዛሬም አላመነም።

አርብ የጭነት መኪናው መጥቶ ግልገሎቹን ወሰደ። ፍሊክ ሩዝና ዶሮዋን በልታ ሆዷ ተስተካከለ፤ ወደ ደጅ ቤቷም ተመለሰች፤ በደስታ ይመስላል። ምንጣፉ ግን አልዳነም።

ኔቪል ምላስ ላይ የሚያዝ ትንሽ የብረት ፊሽካ ገዛ። የዚያ አገር ብርድ በሚገባበት በግንቦትና በሰኔ፣ በየቀኑ ሩብ ሰዓት ያህል ሁለቱ መስክ ይወጣሉ። መጀመሪያ እሱ በፊሽካው የግራውን ይነፋል፤ ወዲያው ሜርል በጣቷ የግራውን ታፏጫለች፤ ፍሊክ ትሄዳለች። ይህን አንድ ነገር ብቻ፣ ሳምንት ሙሉ፤ ማራማ በስልክ ስትጠየቅ ያለችው እንደዚያ ነው፤ አንድ ነገር ባንድ ጊዜ። ኔቪል ሁለት ጊዜ ፊሽካውን ሊውጠው ነበር። አንድ ጊዜ በንዴት ወንዙ ውስጥ ወርውሮት፣ ቦቱ ውስጥ ውኃ እስኪገባ ድረስ ሲፈልገው ዋለ። በሰኔ መጨረሻ ፍሊክ ሜርል ሳታፏጭ በፊሽካው ብቻ ሄደች። ዞር ብላም አላየችውም።

አሁን ለሁለቱም ትታዘዛለች። ሁለቱ ባንድ ጊዜ ሲያዟት ግን የማንን እንደምትሰማ ኔቪል ያውቃል፤ ስለዚህ ሜርል ስትወጣ ፊሽካውን ኪሱ ውስጥ ይተዋል።

በሐምሌ አንድ ብርዳም ጠዋት፣ መሬቱ በውርጭ ነጥቶ፣ ሜርልና ፍሊክ እናት በጎቹን ከላይኛው መስክ ሲያመጡ ኔቪል በሩ ላይ ቆሞ ይቆጥር ነበር። በጎች ሲያልፉ የሚቆጠሩት ሁለት ሁለት እየተደረጉ ነው። ሰማንያ፣ ሰማንያ ሁለት፣ ሰማንያ አራት። ከጉም ውስጥ ፉጨቱ መጣ፤ ወደ ላይ ወጥቶ መጨረሻው ላይ ተሰበረ። ኔቪል ቀና አለ። ውሻዋ በነጩ መስክ ላይ ጥቁር መስመር እየሠራች ስትዞር አየ፤ ከኋላዋ ካፖርት የለበሰችው ሴት ፈጠን ፈጠን እያለች ትመጣለች። መንጋው በእግሩ ሥር እየተጋፋ አለፈ፤ የመጨረሻዋ በግም አለፈች።

«ስንት ናቸው?» አለች ሜርል ትንፋሿ እየተነነ።

ኔቪል በሩን ያዘ።

«እኔንጃ» አለ። «ጠፋብኝ።»

«ልመልሳቸው?»

በጎቹን አየ፤ እሷን አየ፤ ምላሷን አውጥታ አጠገቧ የተቀመጠችውን ፍሊክን አየ።

«ተያቸው» አላት። «ሳይሞሉ አይቀሩም።» በሩንም ዘጋው።